ወራጅ አለ

«ሰባራ ባቡር ወራጅ አለ!» አሉ ከኋላ ወንበር ነጠላቸውን ደርበው የተቀመጡ አንዲት እናት። ረዳቱ በመዳፉ የሚኒባሱን ጎን መታ መታ አደረገ፤ ሹፌሩ ዳር ያዘ፤ እናትየው ዘንቢላቸውን አንሥተው ወረዱ። ረዳቱ ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም። በዚያ መንገድ ባቡር ሲያልፍ አላየም፤ አባቱም አላዩም፤ አያቱም ቢሆኑ ማየታቸውን እጠራጠራለሁ። የት እንደሚያቆም ግን ያውቃል።

ባቡሩ ነበረ። ሐዲድ የማይፈልግ፣ በእንፋሎት ኃይል በሰፋፊ የብረት ጎማዎች የሚሄድ የመንገድ ማሽን ነበር። ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለ አርመናዊ ነጋዴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ አስመጣው፤ የከተማው ሰውም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ከጊዜ በኋላ ተበላሽቶ የቆመበት ቦታ ሰባራ ባቡር ተባለ። ብረቱ ተነሥቶ ከሄደ ዘመን አልፎታል፤ ስሙ ግን ዛሬም ታክሲ ያስቆማል። ስሙን ያወጣ ሹም የለም፣ ሐውልትም አልቆመለትም። ሰው እያለፈ ስላየው ጠራው፤ ልጆቹም ሳያዩት ጠሩት።

የአዲስ አበባን አሮጌ ሰፈሮች ለማየት ስነሣ ከግንብና ከፎቅ ይልቅ ስማቸውን ይዤ የምሄደው ለዚህ ነው። ይቺ ከተማ ታሪኳን የጻፈችው በሰፈሮቿ ስም ነው ብዬ አምናለሁ። አሁን ቤቶቹ በፍጥነት በሚነሡበት ሰዓት ደግሞ ስሙን ከነቦታው መያዝ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

«ሰፈር» የሚለውን ቃል ራሱን እንየው። ሰፈረ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ መጀመሪያ ነገሩ የጦር ሠራዊት ድንኳን ተክሎ የሚያርፍበት ቦታ ማለት ነበር። የሸዋና የጎንደር ነገሥታት ሲዘምቱ ሠራዊቱ የሚሰፍረው በሥርዓት ነው። የንጉሡ ድንኳን መሐል ላይ፣ ፊታውራሪው ፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፣ ደጀኑ ከኋላ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሲሰይሙትም ከተማይቱ በዚያው ልማድ ነው የሰፈረችው። ግቢው መሐል ላይ ሆነ። መኳንንቱ በየኮረብታው ርስት ተሰጣቸው፤ ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ ጠጅ ጣዩ፣ ቄሱና ባለሙያው በጌታው ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። በአንዱ ኮረብታና በሌላው መካከል ወንዝና ገደል፣ የግጦሽ ሜዳና ዛፍ ነበረ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚሉት ስሞች የዚያ ሰፈራ ችካሎች ናቸው።

የጌቶቹ ስም ብቻ አልቀረም። ሠራተኛ ሰፈር የቤተ መንግሥቱ ባለሙያዎች፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ አንጥረኛውና ሸማኔው የሰፈሩበት ነው። በጊዜው «ሠራተኛ» ማለት የእጅ ጥበብ ያለው ሰው ማለት ነበር፤ አንዳንዱ ጌታ እየናቀም እየፈራም የሚጠራው ስም ነው። ያ ስም ከተማው መሐል መቶ ዓመት አልፎታል። ብረት ቀጥቃጭ በሚናቅበት አገር ለባለሙያ የቆመ ከዚህ የበለጠ መታሰቢያ አላውቅም። ገዳም ሰፈር የጊዮርጊስ አገልጋዮች ነው። ዘበኛ ሰፈር፣ ዶርዜ ሰፈር፣ ጎፋ ሰፈር፣ ወሎ ሰፈር፣ ሱማሌ ተራ፣ ጎጃም በረንዳ፤ ማን ከየት መጥቶ የት እንዳረፈ ለማወቅ መዝገብ ቤት መግባት አያስፈልግም፣ የታክሲ ተራ ላይ ቆሞ የረዳቶቹን ጥሪ ማዳመጥ ይበቃል።

ሰፈሩ ከተማ ሆኖ እንዳይቀር ያሰጋም ጊዜ ነበር። ለማገዶና ለቤት መሥሪያ በዙሪያው ያለው ዛፍ ተጨፍጭፎ ሲያልቅ፣ እንደ ቀደሙት መናገሻዎች ይቺም ልትለቀቅ ደርሳ ነበር። ምኒልክ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ቤተ መንግሥት አስጀመሩ። ከተማይቱን ያስቀራት በ1880ዎቹ ገብቶ በጥቂት ዓመት ለቆረጣ የሚደርሰው ባሕር ዛፍ ነው። ከባሕር ዛፉ በኋላ ድንኳኑ ቤት ሆነ።

ቤቱን በደንብ ያሳዩኝ አንድ አዛውንት ናቸው። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ተወልደው ከስልሳ ዓመት በላይ እዚያው ኖረዋል። አሁን የሚኖሩት ከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባባ እላቸዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጊዮርጊስ በር ላይ ተገናኘን፤ ተሳልመው እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

«ከየት እንጀምር አባባ?»

«ከዚሁ ነዋ ልጄ። አራዳ የሚባለው እኮ ይሄ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከአድዋ ድል በኋላ ለድሉ መታሰቢያ ስምንት ማዕዘን ሆኖ የተሠራ ካቴድራል ነው፤ አድዋ የተዋጉት በጊዮርጊስ ዕለት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበርና። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። ከደጁ ዝቅ ብሎ የአራዳ ገበያ ይቆም ነበር፤ ማርና ቅቤ፣ በቅሎና ጠመንጃ፣ አሞሌ ጨውና የህንድ ጨርቅ የሚገናኝበት። የነጋድራሱ ሹመት ገበያውን ይቆጣጠራል፤ ቀረጥ ይሰበሰባል፤ ነገር ይዳኛል፤ የተፈረደበትም እዚያው ገበያው መሐል ይሰቀላል። የከተማ ወሬ የሚወለደው እዚያ ስለነበረ ነው «የአራዳ ልጅ» ማለት ዛሬም ድረስ ነቃ ያለ፣ የማይታለል ሰው ማለት ሆኖ የቀረው።

ከጊዮርጊስ ፊት ለፊት የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በፈረስ ላይ ቆሟል። ጣሊያን ሲገባ አስነሥቶት ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። አባባ ግን ስለ ሐውልቱ ብዙ አላወሩም። ጣታቸውን ወደ ታች፣ ወደ ሰፈሮቹ ጠቆሙ።

«አባቴ የካቲት 12ን ያወሩ ነበር። የሣር ክዳን ቤት ላይ ነዳጅ እያርከፈከፉ ሰው ከውስጥ እያለ ይለኩሱ ነበር ይሉ ነበር።»

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ፋሺስቶች ሦስት ቀን ከተማውን ተለቀቁበት። በኢትዮጵያ በኩል የሟቾቹ ቁጥር 30,000 ነው። ጊዮርጊስ ራሱ በእሳት ተለኮሰ። የሰማዕታቱ ሐውልት ስድስት ኪሎ ቆሟል፤ ሰው የነደደው ግን በየጎጆው፣ በየሰፈሩ ነው። በየሰፈሩ አንድም ድንጋይ ስለዚያ የሚናገር የለም። ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል። ሰፈር ሲነሣ የሚጠፋው የቤት ቁጥር ብቻ አይደለም፤ «እዚህ ጋ ነው» ብሎ በጣት ማሳየትም አብሮ ይጠፋል።

ያው ጣሊያን ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፍቶ ለአገሬው ሰው ብቻ መርካቶን ከለለ፤ አራዳን ለነጮች ፒያሳ አለው። ካዛንቺስ ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ ያሠራው የቤቶች ድርጅት ስም አጥሮ የቀረበት ነው። ፖፖላሬም፣ ካምቦሎጆም የዚያው ዘመን ቃል ናቸው። አምስት ዓመት የቆየ ወራሪ ይህን ያህል ስም ትቶ ሄደ። ሕዝቡ አልጣላቸውም፤ በራሱ አፍ አላመጣቸው፣ በራሱ ኑሮ ሞላቸው። መርካቶ ሲባል ዛሬ ማን ጣሊያንን ያስባል?

ቁልቁል ወረድን። እቴጌ ሆቴል ጋ ስንደርስ አባባ ቆም አሉ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በእቴጌ ጣይቱ ትእዛዝ የተከፈተ፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ነው። ምግብ በገንዘብ መሸጥ ነውር በሆነበት ዘመን፣ ግብር አብልተው የሚያድሩ እቴጌ ለሰው ሒሳብ የሚጠይቅ ቤት ሲከፍቱ ለመኳንንቱ ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደነበረ መገመት አያቅትም። ጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ ጃዝ ይጫወትበት የነበረውን አዳራሽ ጨምሮ ብዙ ክፍሉን በላው። ወለሉ፣ ደረጃው፣ በረንዳው ሁሉ የእንጨት ነው። የዚያን ዘመን የአዲስ አበባ ቤቶች አብዛኛዎቹ እንደዚያ ናቸው። ምድር ቤቱ ድንጋይ፣ ፎቁ እንጨትና ጭቃ፣ ዙሪያውን በረንዳ፣ ላዩ ቆርቆሮ። የህንድና የአርመን አናጢዎች ከአገሬው ባለሙያ ጋር ሆነው ያወጡት አሠራር ነው። መሐመድ አሊ የተባለው የህንድ የንግድ ቤት ሱቅ የነበረበት ግንብም፣ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ አግኝተዋቸው የመጡት የአርባዎቹ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ታሪክም የዚህ ሰፈር ነው። ልጆቹ የትንፋሽ መሣሪያ ሙዚቀኞች ነበሩ፤ የአገሪቱ ዘመናዊ ሙዚቃ ከእነሱና ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ብዙ ተቀብሏል። ትንሽ አለፍ ሲሉ ሀገር ፍቅር ቲያትር አለ፤ ጣሊያን ሊገባ ሲል በ1927 ዓ.ም. ሕዝቡን ለማነቃቃት የተቋቋመው።

እነዚህ በመዝገብ የሰፈሩ ቅርሶች ናቸው። አባባ የተወለዱበት ቤት በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም።

«እንዴት ነበር ቤቱ?» አልኳቸው።

«ጭቃ ነዋ!» ብለው በኩራት መለሱ፤ ከዚያ መንገድ ዳር አጥር ላይ ተደግፈው የአሠራሩን ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ነገሩኝ። መጀመሪያ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ይተከላል፤ እግሩ ምስጥ እንዳይበላው ይለበለባል። በምሰሶው መሐል ቀጫጭኑ ግንድ ጎን ለጎን ይቆማል፤ ማገሩ ከውስጥም ከውጭም ተጋድሞ በምስማር ይመታል፤ ድሮ በልጥ ይታሰር ነበር። አፈሩ ተቆፍሮ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ጭድ ገብቶበት በእግር ይረገጥና ይቦካል። «ሲቦካ ሰፈሩ በሙሉ ይሸታል፤ እገሌ ቤት ሊመርግ ነው ይባላል፤ ጎረቤት መጥቶ ይረግጥልሃል፤ አንተ ጠላ ታቀርባለህ።» የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ሲሰነጣጠቅ በቀጭን ጭቃ ይደገማል፤ ከዚያ ልስን፣ ከዚያ ኖራ። ጭቃ ቤት ቀን ፀሐይን ያቀዘቅዛል፣ ሌሊት ሙቀቱን ይይዛል። ጠላቱ ውኃ ነው። የጣራው ክፈፍ ዘለግ ብሎ ከወጣ፣ አሸንዳው ካልተቀደደ፣ ከሥሩ የድንጋይ መሠረት ካለው ግድግዳው ከሰው ዕድሜ በላይ ይኖራል። ክረምት አልፎ ጥቅምት ሲገባ የተፈረፈረውን መለጠፍ ነው ሥራው።

«በየዓመቱ ትለጥፉ ነበር?»

ዝም አሉ። «በፊት።»

በዚያች በ«በፊት» ውስጥ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አለ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የወጣበት ቀን ነው። ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የሆነ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ለድሃ ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ከቤት ልቀቅ የሚለው ባለቤት ቀረ፣ ኪራዩም ወረደ። የተወረሰው ቤት ግን ባለቤት አጣ። ተከራዩ የሱ አይደለምና ምሰሶ አይቀይርም፤ ቢፈልግም ያለ ቀበሌው ፈቃድ ቆርቆሮ መንቀል አይችልም። ቀበሌው የሚሰበስባት ጥቂት ብር ደግሞ አሸንዳ አትገዛም። ክፈፉ ተቀደደ፣ ውኃው ግድግዳው ላይ ወረደ፣ ምሰሶው በሰበሰ። የመኳንንት አዳራሽ የነበረው ቤት በኮምፖልሳቶ ተከፋፍሎ ስድስት ሰባት ቤተሰብ ገባበት። ከተማው መሐል ያሉት አሮጌ ሰፈሮች በአርባ ዓመት ውስጥ «የፈራረሱ» የተባሉት በጭቃነታቸው ብቻ አይደለም፤ የሚለጥፍ እጅ ስለታሰረ ጭምር ነው። ይህ ምክንያት ሳይነገር ቤቶቹ ብቻ ሲወቀሱ አግባብ አይመስለኝም።

ኑሮው ቀላል ነበር ብዬ አልዋሽም። አንዲት ክፍል፣ መሐሏ መጋረጃ፣ ላይዋ ልጆች የሚተኙበት ቆጥ። ማድ ቤቱ የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ውኃው ከቦኖ። የሚያፈስ ጣራ ሥር ሰሐንና ባልዲ ደርድሮ ያላደረ ሰው ስለ ጭቃ ቤት ውበት ሲጽፍ እኔንም ይከብደኛል። ከእነዚህ ቤቶች መውጣትን እንደ ጸሎት መልስ የቆጠሩ እናቶች አሉ፤ አባባ የነገሩኝ ነው። በራሱ መጸዳጃ ቤት መዘጋት የሰው ክብር ነው።

እና ደግሞ ሌላው ነገር አለ። ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ የተያያዙት በመኪና መንገድ አልነበረም። ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ ትከሻውን ማዘንበል ባለበት፣ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው በረንዳ በሚያሾልክ መንገድ ነበር። በዚያ መንገድ እሳት ይዋሳሉ፣ ልጅ ይጠባበቃሉ፣ ቡና ይጠራራሉ። ደጃች ውቤ ሰፈር ማታ ማታ የአዝማሪና የመጠጥ ቤት ደማቅ ሰፈር ሆኖ በከተማው የታወቀ ነበረ፤ እሪ በከንቱ ደግሞ ስሙ ራሱ ይነግርሃል፤ ጨለማው ውስጥ ቀማኛ ቢይዝህ ብትጮህ የሚደርስልህ የለም ሲሉ ያወጡት ነው። ሰዉ ስለራሱ ሰፈር እንዲህ በግልጽ ይናገር ነበር። አሁን በየግንባታው አጥር ላይ የምናያቸው የመኖሪያ መንደር ስሞች የውበትና የምቾት ቃል ናቸው፤ ስለ ቦታው አንዲት ነገር አይነግሩንም።

የካቲት 2016 ዓ.ም. የአድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ፒያሳ ላይ ተመረቀ። ግዙፍና የሚያኮራ ሕንፃ ነው፤ ልጆቼን ይዤ ገብቼ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ወጥቻለሁ። በቀጣዩ ወር «የኮሪደር ልማት» ለተባለው የመንገድ ዳር ግንባታ ቤት ማፍረስ ተጀመረ። ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆኑ፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ተከተለ። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፤ ማታ ማታ ቤተሰብ ሲንሸራሸር አያለሁ፤ ደስ ይላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 የተመዘገበ ቅርስን ይጠብቃል፤ ያልተመዘገበው ግን የሚጠይቅለት የለውም። የራስ እገሌ አዳራሽ በመዝገብ ይገኛል። ከአዳራሹ ጀርባ ጠላ የጠመቁት፣ ብረት የቀጠቀጡት፣ ለነጋድራሱ ቀረጥ የከፈሉት የኖሩበት ቤት ግን መዝገቡ ላይ አንድ መስመር የለውም። እኔ የምለው፣ ቤቱ ቢነሣ እንኳ ከመነሣቱ በፊት ሰው ይላክ፤ ይለካ፣ ይሳል፣ የነዋሪው ቃል ይቀረጽ። መንገዱ ሲሠራ ስሙ በመንገዱ ላይ ይጻፍ። ይህ ከሚፈሰው ሲሚንቶ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ኢምንት ነው።

አባባ ቤታቸው የነበረበት ቦታ ስንደርስ ለመለየት ጊዜ ወሰደባቸው። ወደ ኋላ ዞረው የጊዮርጊስን ጉልላት አዩ፤ ወደ ጎን ዞረው አንድ ያልተነሣ የግንብ ጥግ አዩ፤ በሁለቱ መሐል ጥቂት እርምጃ ቆጠሩ። የተነጠፈው ድንጋይ ላይ ቆሙ። «ምሰሶው እዚህ ጋ ነበር» አሉ። ቀጥለውም እግራቸውን አንሥተው ትንሽ ፈቀቅ አሉ፤ የምሰሶውን ቦታ የረገጡት ያህል።

ከኮታቸው ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር አወጡ። የዕድሩ መዝገብ ነው፤ ለዓመታት ጸሐፊ ነበሩ። ሰፈሩ ሲበተን የዕድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ ለሌላ ዕድር ተሰጠ፤ ገንዘቡ ተከፋፈለ፤ ደብተሩን ግን የሚወስድ ስላልነበረ እሳቸው ጋ ቀረ። ገለጡት። በሰማያዊ እስክሪብቶ የአባሉ ስም፣ ከጎኑ የቤት ቁጥር። «ከወይዘሮዋ ጠላ ቤት ጎን»፣ «ከቦኖው በላይ»፣ «ዋርካው ሥር» የሚል ማስታወሻ ያለባቸውም አሉ። በስተቀኝ ባዶ በነበረው ኅዳግ ላይ ሌላ ጽሕፈት አለ፤ በእርሳስ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የጻፉት። ብሎክ፣ ፎቅ፣ የስልክ ቁጥር።

«አሁንም ሰው ሲሞት የሚደወለው ለእኔ ነው» አሉ። «እኔ ደግሞ ለሁሉም እደውላለሁ። ከዶሮ ማነቂያ ነው እላለሁ፤ ያነሣሉ።»

ገጹን እያገላበጡ ቆዩ። አንድ ስም ላይ ሲደርሱ ከጎኑ ምንም አልተጻፈም።

«የሰባራ ባቡሩ ልጅ» አሉ። «የት እንደ ገባ እስካሁን አላገኘሁትም። ካየኸው ንገረኝ።»